ስማርት ከተማ ሲታቀድ ጉልት የምትቀመጠውን ሴት እንዴት እናማክራለን?

እንዲህ ያለውን ስብሰባ የማያውቅ የለም። ከጠዋቱ 2፡30 የተጠራው አዳራሽ 4 ሰዓት ላይ ይሞላል። ፊት ለፊት ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃ፣ የፕላስቲክ አበባ። ግድግዳው ላይ የነገው ሰፈር በኮምፒውተር ተስሎ ይታያል፤ ሣሩ ለምለም፣ ሰዎቹ ሁሉ ቦርሳ ያንጠለጠሉ፣ አንድም የከሰል ጆንያ የሌለበት ሰፈር። ባለሙያው ስለ ስማርት ከተማ፣ ማለትም ስለ ካሜራ፣ ስለ መተግበሪያና ስለ መረጃ ቋት አንድ ሰዓት ተኩል ያስረዳል። ከዚያ «ጥያቄና አስተያየት ያለው» ይባልና ሁልጊዜ የሚናገሩት አራት ሰዎች ይናገራሉ። ቃለ ጉባኤው «ነዋሪው በሙሉ ድምፅ ደግፎታል» ብሎ ይዘጋል። ጉልት የምትቀመጠው ሴት አልመጣችም፤ ጠዋት አትክልት ተራ ሄዳ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትረከብበት ሰዓት ነው።

እኔም እንዲህ ያለ ቃለ ጉባኤ ጽፌ አውቃለሁ። የሚከተለው ከዚያ ወዲህ በሥራ ላይ የተማርኩት አካሄድ ነው። የጻፍኩት ለወረዳና ለክፍለ ከተማ የፕላን ባለሙያዎች፣ መተግበሪያ ለሚሠሩ ወጣቶች፣ በሰፈር ልማት ላይ ለተሰማሩ ድርጅቶች ነው። አዲስ አበባን እያሰብኩ ነው የምጽፈው፤ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ ወይም ባሕር ዳር ያለ አንባቢ ሰዓቱንና ቦታውን በከተማው ልክ ያስተካክለው። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ አንድ ምሳሌ ይዤ እሄዳለሁ፦ በአንድ የመሀል ከተማ ሰፈር ራሱን የሚያበራና የሚያጠፋ የመንገድ መብራት ሊተከል፣ ብልሽትም በስልክ ሊመዘገብ ታስቧል።

1. ያልተወሰነው ምን እንደሆነ ጻፉ

ማንንም ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በአንዱ ወገን የተቆረጠውን፣ በሌላው ገና ሊለወጥ የሚችለውን አስፍሩ። በምሳሌያችን በጀቱና የመብራቱ ዓይነት ተቆርጧል፤ እንጨቶቹ የት እንደሚተከሉ፣ በስንት ሰዓት እንደሚጠፉ፣ ብልሽት እንዴት እንደሚነገር ግን ክፍት ነው። ሁለተኛው ወገን ባዶ ከሆነ ስብሰባውን «ምክክር» አትበሉት፤ «ማሳወቂያ» በሉትና ሰው ሳታደክሙ በግማሽ ሰዓት ጨርሱ። ቢያንስ ሐቀኝነት ይሆናል።

አለቃ «ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ?» ብሎ ከጠየቀ ሕገ መንግሥቱን አስታውሱት። አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ተደራሽነትን ሲያነሳ ሕንፃና መንገድ ላይ አይቆምም፤ የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂን በስም ይጠራል። በኔ ልምድ ግን አለቃን የሚያሳምነው ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ ተተክሎ የተነቀለ እንጨት ስንት ብር እንደሚፈጅ ማሳየት።

2. የማይመጡትን በስማቸው ቁጠሩ

«የተለያዩ የኅብረተሰብ ክፍሎች» የሚለውን ሐረግ ለአንድ ወር ራሳችሁን ከልክሉ። ማን እንደቀረ የሚደብቅ ሐረግ ነው። በምትኩ ሰፈሩን በተለያየ ሰዓት በእግር ዙሩና ያያችሁትን ሰው በሥራው ስም ጻፉ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት መስቀለኛ መንገዱ ላይ አካፋና ዲጂኖ ይዘው ቀጣሪ የሚጠብቁ ቀን ሠራተኞች አሉ። ረፋዱ ላይ ሊስትሮው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ቆራሌው ያልፋሉ። ከ11 ሰዓት በኋላ ጉልቱ ይደምቃል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ዘበኞች፣ በሱቅ በረንዳ የሚያድሩ ልጆች፣ ከሆቴል ሥራ ወደ ቤት የሚመለሱ ሴቶች ይታያሉ። አምስት ዙር በቂ ነው፤ አንዱ ግን ሌሊት፣ አንዱ ደግሞ ዝናብ ሲጥል ይሁን።

በመንገድ ላይ የማይታዩም አሉ። በሰው ቤት የምትሠራው ልጅ፣ ከደረጃ መውረድ ያቃታቸው አዛውንት፣ ቤተሰብ ከጓዳ የሚያኖረው አካል ጉዳተኛ፣ በደባልነት የሚኖረው ተከራይ። ተከራዩን በተለይ ልብ በሉ። በብዙ ዝርዝሮች «ነዋሪ» የሚባለው ቤቱ በስሙ ያለው ሰው ነው፤ በአንድ ግቢ ውስጥ አምስት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ቤተሰቦች በአንድ አከራይ ስም ይዋጣሉ። መታወቂያ ለማውጣት የሌላ አካባቢ መሸኛ የሚጎድለውም ሰው እንደዚያው ነው።

ካርታም ሰው ይረሳል። በናይሮቢ ኪቤራ የሚባለው ግዙፍ ሰፈር እ.ኤ.አ. እስከ 2009 ድረስ በይፋዊ ካርታ ላይ ባዶ ቦታ መስሎ ነበር የሚታየው። በዚያ ዓመት የሰፈሩ ወጣቶች ጂፒኤስ ይዘው እየዞሩ ውሃ መቅጃውን፣ ክሊኒኩን፣ ትምህርት ቤቱን፣ መጸዳጃውን ማንም በነፃ በሚያየው የኢንተርኔት ካርታ ላይ አሰፈሩት። በኛም የድሮ ሰፈሮች ከሳተላይት የሚነሳው ምስል ቆርቆሮ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ከቆርቆሮው ሥር ያለውን መሹለኪያ የሚያውቀው የሚሹለከለክበት ሰው ነው። ለዚህ ነው የሰፈሩን ልጆች በክፍያ ካርታ አንሺ አድርጎ ማሠማራት ከውጭ ባለሙያ የሚሻለው።

3. በር ከፋች ፈልጉ፤ በር ዘጊ እንዳይሆን ግን ተጠንቀቁ

የመጀመሪያው ሐሳብ ዕድር ነው፤ ልክም ነው። ዕድር መዝገብ አለው፣ ድንኳን አለው፣ የሚታመን ዳኛ አለው፣ የወር ስብሰባው አይቀርም። የሴቶች ዕድር ካለ ከዚያ ጀምሩ፤ በወንዶቹ ዕድር ፊት የማይነገር ብዙ ነገር በዚያ ይነገራል። ይሁንና ዕድር የድሀ ሁሉ ቤት አይደለም። ወርሃዊ መዋጮ የማይችል ሰው፣ ከገባ ስድስት ወር ያልሞላው ተከራይ፣ ቀን ሠራተኛው ዕድር የላቸውም። ዕድርን አማክሬ ድሀውን አማከርኩ ማለት ያልተመዘገበውን ሁለት ጊዜ ማስቀረት ነው።

ስለዚህ ለየወገኑ የየራሱን በር ፈልጉ። ለቀን ሠራተኛው የጠዋት ሻይ የምትሸጥለት ሴት፣ ለሊስትሮዎቹ ከነሱ ውስጥ በዕድሜ ከፍ ያለው ልጅ፣ ለዓይነ ስውራንና መስማት ለተሳናቸው የየራሳቸው ማኅበር፣ ለቤት ሠራተኞች የእሑድ ከሰዓት በኋላ የማታ ትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው። ከደቡብ ወይም ከሌላ ክልል ገብተው በአንድ ቦታ የሚኖሩ ሰዎች ካሉ የሚናገሩትን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ያዙ፤ ሽሮ ሜዳ ዶርዜ ሸማኔ ጋ ሄዶ በቢሮ አማርኛ መጠየቅ መልሱንም የቢሮ ያደርገዋል።

ሰፈሩ ትልቅ ከሆነ ሙኩሩ የሚባለውን የናይሮቢ የድሆች ሰፈር ዘዴ እዩ። የናይሮቢ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ሙኩሩን ልዩ የፕላን ክልል ብሎ ሲያውጅ በዚያ ከ100,000 በላይ አባወራዎች ይኖሩ ነበር። ሁሉንም አዳራሽ ማስገባት አይቻልም። ስለዚህ አስር አስር ቤተሰብ አንድ ተወካይ እያወጣ፣ ተወካዮቹም በየደረጃው እየተሰበሰቡ ሐሳቡ ወደ ላይ እንዲወጣ ተደረገ። በጥናቱም ወቅት ድሀው የሙኩሩ ነዋሪ ለውሃ ከሀብታም ሰፈር ይበልጥ እንደሚከፍል በቁጥር ወጣ። ያንን ነዋሪው ድሮም ያውቀዋል፤ በቁጥር ሲቀመጥ ግን ባለሥልጣን ይሰማዋል።

4. ቦታ፣ ሰዓትና ገንዘብ

ወደ እነሱ ሂዱ። ቀን ሠራተኛው ጋ ከጠዋቱ 12፡15፣ ቀጣሪ ሳይመጣ። ጉልት ጋ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ገበያው በሚቀዘቅዝበት። ረጅም ውይይት ካስፈለገ በድንኳን ወይም በቀበሌ ግቢ፣ ደረጃ በሌለበት፣ ልጅ የሚያቆይ ሰው ተመድቦ። የጾም ቀን ቡና ብታፈሉ ዳቦው የጾም ይሁን፤ አርብ ከሰዓት የጁምዓ ሰዓት ላይ አትጥሩ። ይህ ሁሉ ተራ ነገር ይመስላል፤ ስብሰባ የሚሞተው ግን በተራ ነገር ነው።

ስለ አበል በግልጽ ልናገር። ባለሙያው አበል ተቀብሎ፣ አሳብ የሰጠችው ሴት ግን ሽያጯን ጥላ መጥታ በባዶ እጇ የምትመለስበትን አሠራር ትክክል ነው የሚለኝን ሰው እስካሁን አላገኘሁም፤ ሆኖም ይሠራበታል። የቀኗን ገቢ ግምት በሥፍራው፣ በእጇ፣ ለሁሉም እኩል ስጡ፤ መጠኑንም ቀድማችሁ ንገሩ። ገንዘቡ ለጊዜዋ እንጂ ለድጋፏ እንዳልሆነ አስረዱ፤ «ብትቃወሚም ይከፈልሻል» ብሎ በግልጽ መናገር ነገሩን ያቀለዋል።

5. ካርታውን መሬት ላይ ዘርጉ

«ስማርት» የሚለውን ቃል ለዛሬ ተዉት። ስለ ቴክኖሎጂ አስተያየት አትጠይቁም፤ ስለ ትናንት ነው የምትጠይቁት። «ትናንት ማታ በየት በኩል ገባሽ?»፣ «ባለፈው ቧንቧ ሲፈነዳ ለማን ተናገርክ? ከዚያስ ምን ሆነ?»፣ «ስልክህን ማን ነው ቻርጅ የሚያደርግልህ?» የሚሉት ጥያቄዎች ሰነድ ሙሉ መረጃ ያመጣሉ። «መተግበሪያ ቢኖር ትጠቀማለህ?» የሚለው ጥያቄ የሚያመጣው «አዎ» ብቻ ነው፤ እንግዳ የማያሳፍር ሕዝብ ነን።

ሁለት ሜትር የሚሆን የሰፈሩን ካርታ በትልቁ አትሙ። በስም የሚታወቁ ነገሮች በምስል ይኑሩበት፦ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ታክሲ መያዣው። ምንጣፍ ላይ ዘርጉትና ለእያንዳንዱ ሰው በእፍኝ እህል ስጡ። ሽምብራ ማታ ለሚያስፈራ ቦታ፣ በቆሎ ዘወትር ለሚሄዱበት።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። መሐንዲሱ የመብራት እንጨቶቹን ነጥብ በመኪና ብዛት ላይ ተመሥርቶ በቀይ አስቀምጧል። ወንዶቹ በመጀመሪያው ዙር ሽምብራቸውን ዋናው መንገድ ላይ፣ ከመጠጥ ቤቶቹ አጠገብ አስቀመጡ፤ መሐንዲሱ ፈገግ አለ። ሴቶቹ ሲመጡ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ካርታውን አዩት። አንዲት እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ጫማዋን አወለቀችና ካርታው ላይ ወጥታ ቆመች፤ በእግሯ ጣት እየጠቆመች «ይኼ ግንብ አይደለም፤ መሹለኪያ ነው፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ይወጣል» አለች። ሽምብራዋን በሙሉ እዚያ አፈሰሰችው። ሌሎቹም ተከተሉ። ካርታው ላይ መንገድ የሌለበት ቦታ ላይ ክምር ሽምብራ ቆመ። በዚያ በኩል ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሊጥ ተሸክማ የምታልፈው እሷና ጎረቤቶቿ ናቸው፤ መብራቱ ደግሞ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጀምሮ እንዲደበዝዝ ታስቦ ነበር።

ወንዶችንና ሴቶችን፣ ወጣቶችንና አዛውንትን በየተራ ማስቀመጥ ለዚህ ነው። በአንድ ላይ ቢሆኑ ኖሮ የመጀመሪያው ሽምብራ የወደቀበት ቦታ ላይ ሁሉም ይጨምር ነበር። እህሉን ከማንሳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ቁጠሩ፣ ማን እንዳስቀመጠው ሳይሆን የትኛው ቡድን እንዳስቀመጠው ጻፉ።

ማስታወሻ ያዡ የሰዎቹን ቃል እንዳለ ይጻፍ። «ነዋሪዎቹ የመሠረተ ልማት ተደራሽነት ውስንነት እንዳለ ገልጸዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ቃለ ጉባኤ ውስጥ ካየሁ እንደገና አስጽፈዋለሁ።

6. አብራችሁ ተራመዱ

ከውይይቱ በኋላ በሦስት በአራት ሰው ቡድን መንገዱን ሂዱት፤ ዊልቸር ከሚጠቀም ሰው ጋር፣ ከዓይነ ስውር ጋር፣ ሕፃን ካዘለች ሴት ጋር። እናንተ ከኋላ ሁኑ፤ አትምሩ።

ከአንድ ዓይነ ስውር መምህር ጋር እንዲህ ስሄድ ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛው፣ ለዓይነ ስውራን የተነጠፈው ቢጫ ጎርባጣ መስመር ቀጥ ብሎ ሄዶ አንድ የመብራት እንጨት ሥር ያበቃል፤ መስመሩን ያነጠፈውና እንጨቱን የተከለው ሁለት የተለያዩ ተቋራጮች ናቸው። ሁለተኛው ይበልጥ አስገረመኝ። ታክሲ መያዣው ላይ በየት እንደሚሳፈር በምን እንደሚያውቅ ስጠይቀው «በረዳቱ ድምፅ» አለኝ። «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ የሚጮኸው ልጅ ለሱ የጉዞ መረጃ ሥርዓት ነው። ነገ ሰሌዳ ተተክሎ መዳረሻው በብርሃን ፊደል ሲጻፍና ረዳቱ ዝም ሲል፣ ለማየት ለሚችለው መንገደኛ የቀለለው ለመምህሩ ይጨልምበታል። ማንኛውንም ነገር ወደ ዲጂታል ስትለውጡ የምታጠፉት ድምፅ፣ ሰው ወይም ወረቀት ለማን ምን ይሠራ እንደነበር አስቀድማችሁ ጠይቁ።

7. ቴክኖሎጂውን ከትንሹ ስልክ ጀምራችሁ ምረጡ

ምርጫው አሁን ነው የሚመጣው። ካነጋገራችኋቸው ሰዎች ስንቱ ባለ ቁልፍ ስልክ፣ ስንቱ ስማርት ስልክ እንደያዘ፣ ስንቱ በባል ወይም በልጅ ስልክ እንደሚጠቀም ቁጠሩ። ከዚያም ከትንሹ ስልክ ተነሡ።

ማንበብ ለማይችል ድምፅ ይሠራል። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የ8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር ይህን አሳይቷል፤ ገበሬው ይደውላል፣ በቋንቋው ስለ አዝመራው ያዳምጣል፣ ቁልፍ ተጭኖ ይመርጣል። ለገጠር የሆነው ለከተማ የማይሆንበት ምክንያት የለም። ማንበብ ለሚችልና ኢንተርኔት ለሌለው ደግሞ በኮከብ ተጀምሮ በመሰላል የሚያልቀው አጭር ኮድ አለ፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሲጀመር ከመተግበሪያው ጎን በኮከብ 127 መሰላልም መጠቀም መቻሉ ባለ ተራ ስልኩን አላስቀረውም። ስልክ ለሌለው ሰው መልሱ ሰው ነው፦ በሰፈሩ የሚታወቅ፣ ብልሽትን ተቀብሎ የሚያስመዘግብ፣ የሚከፈለው ሰው። ባለ ሱቁ ወይም የጋራ መጸዳጃ ጠባቂዋ ልትሆን ትችላለች።

መተግበሪያ ብቻ ሲሆን ምን እንደሚከተል ቦስተን ታስተምራለች። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2012 የመኪና ውስጥ ስልክ ንዝረትን እየለካ የመንገድ ጉድጓድ የሚያሳውቅ መተግበሪያ አወጣች። ሐሳቡ ብልህ ነው። ነገር ግን ስማርት ስልክና መኪና የበዛበት ሰፈር ብዙ ጉድጓድ ያለበት ይመስላል፤ ድሆችና አዛውንት የሚበዙበት ሰፈር ደግሞ መንገዱ የተስተካከለ ይመስላል። በኛም መዝገብ ላይ አቤቱታ የማይመጣበትን ቀበሌ ስታዩ «ችግር የለም» ብላችሁ አትለፉት፤ መጀመሪያ እዚያ ሂዱ።

አሻራና መታወቂያ የሚጠይቅ አገልግሎት ካሰባችሁ ደግሞ ጣቱን በሲሚንቶ የጨረሰውን ቀን ሠራተኛ፣ በሥጋ ደዌ ጣቱን ያጣውን ሰው በሙከራው ቀን ከፊት አስቀምጡ። መሣሪያው «እንደገና ይሞክሩ» ሲል ሠራተኛው ምን እንደሚያደርግ የተጻፈ መልስ ይኑር። ከሰልፉ የሚያስወጣ መልስ መሆን የለበትም።

8. የሰበሰባችሁት መረጃ ማንን ሊጎዳ ይችላል?

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። እስካሁን በቅን ልብ የያዛችሁት መረጃ፣ ማለትም ጉልት የት እንዳለ፣ በረንዳ ላይ ማን እንደሚያድር፣ የትኛው ግቢ ስንት ተከራይ እንዳለው፣ በሌላ እጅ ሲገባ የማባረሪያ ዝርዝር ነው። ሴትየዋ ሽምብራዋን ስታስቀምጥ የምትሸጥበትን ቦታ ለደንብ አስከባሪ እየነገረች ሊሆን ይችላል፤ አስባበት ከሆነም አትነግራችሁም። አንዲት ጎመን ሻጭ ካርታውን አየት አድርጋ «እኔ እዚህ አልሸጥም» አለችኝ፤ ጎመኑ እግሯ ሥር ነበር። ትክክል ነች።

ስለዚህ ስም፣ የቤት ቁጥርና ስልክ ካላስፈለገ አትውሰዱ። ጉልቱን በነጥብ ሳይሆን በአካባቢ አመልክቱ። ፎቶ ፊት ሳያሳይ ይነሣ። የተሰብሳቢ ስምና ፊርማ ለሒሳብ ክፍል ግድ ከሆነ፣ ያ ዝርዝር ከአስተያየቱ ጋር በአንድ ፋይል አይቀመጥ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል ያዛል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁን በቃላችሁ ለነዋሪው አስረዱ፤ «ይህን የሚያየው እገሌ ቢሮ ነው፣ እስከዚህ ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ይጠፋል» በሉ። ይህን ለማለት የሚያስችል ውስጣዊ ስምምነት ከሌላችሁ አትሰብስቡ።

ሀብታም ከተማም በዚህ ተሰናክላለች። በቶሮንቶ የሐይቅ ዳር፣ የጉግል እህት ኩባንያ የነበረው ሳይድዎክ ላብስ እ.ኤ.አ. በ2017 በዳሳሽ መሣሪያ የተሞላ ሰፈር ለመገንባት ተነሣ። ነዋሪው ደጋግሞ የጠየቀው «በመንገድ ስሄድ የሚሰበሰበው መረጃ የማን ነው?» የሚል ነበር። በ2018 የፕሮጀክቱ የግላዊነት አማካሪ የነበሩት አን ካቩኪያን በዚሁ ጉዳይ ሥራቸውን ለቀቁ። በ2020 ኩባንያው ፕሮጀክቱን ተወው፤ በምክንያትነት የጠቀሰው ወረርሽኙ ያመጣውን የኢኮኖሚ ጥርጣሬ ነው፤ የነዋሪው ጥያቄ ግን እስከ መጨረሻው ቀን ሲያንገላታው ነበር።

9. መልስ ይዛችሁ ተመለሱ

አብዛኛው ምክክር የሚከሽፈው እዚህ ነው። ሰው ይጠየቃል፣ ይናገራል፣ ከዚያ ዝም ይባላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቢሮ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። «በቀደምም መጥታችሁ ነበር» ሲሉኝ የምገባበት አጣለሁ።

በአንድ ወር ውስጥ፣ በዚያው ቦታና በዚያው ሰዓት ተመለሱ። የተነሣውን እያንዳንዱን ነገር ሦስት ቦታ ከፍላችሁ ንገሩ፦ የተቀበልነው፣ ያልተቀበልነው ከነምክንያቱ፣ ከኛ ሥልጣን በላይ ሆኖ ለሌላ መሥሪያ ቤት የጻፍነው ከነደብዳቤው ቁጥር። በምሳሌያችን ሦስት እንጨት ወደ መሹለኪያው ተዛወረ፤ የሌሊቱ ማደብዘዣ በዚያ በኩል ተሰረዘ፤ «ወፍጮ ቤቱ ፊት ውሃ ይግባልን» የሚለው ለሌላ መሥሪያ ቤት ተላከ። «አይሆንም» ለማለት አትፍሩ። ሰው የሚቀየመው በእንቢታ ብቻ አይደለም፤ «እናየዋለን» ተብሎ ሲረሳ ይብሳል።

የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ እ.ኤ.አ. በ1989 የከተማዋን በጀት ለነዋሪ ውይይት ስትከፍት ድሀ ሰፈሮች የመረጧቸው ተወካዮች ፍላጎት ነግረው ወደ ቤታቸው አልተሸኙም፤ ገንዘቡ የት እንደዋለ ተከታተሉ። እናንተም ሁለት ወይም ሦስት ነዋሪ ተቋራጩን በሚቆጣጠረው ቡድን ውስጥ አስገቡ፤ አንዷ ከጉልቱ ትሁን። ለጊዜያቸውም በጀት ያዙ። ይህን በመጀመሪያው የወጪ ሰነድ ላይ ካላስገባችሁት በኋላ «የበጀት ርዕስ የለውም» ትባላላችሁ።

10. ሳያስመርቁ ይሞከር

ሪባን ከመቆረጡ በፊት አንድ መንገድ ላይ ብቻ ሥሩና ለሁለት ወር አዩት። ስንት ሰው መተግበሪያውን አወረደ የሚለው መለኪያ ምንም አይነግራችሁም። ይልቁን ሆን ብላችሁ አንድ አምፖል አጥፉና ጊዜ ያዙ፤ በተራ ስልክ፣ በባለ ሱቁ በኩልና በመተግበሪያ ሲነገር በየትኛው ቀድሞ ተጠገነ? በባለ ሱቁ በኩል የመጣው አቤቱታ አስር ቀን ቆይቶ የመተግበሪያው በሁለት ቀን ከተጠገነ ሥራው አላለቀም።

አንድ ዙር በክረምት፣ በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ጊዜ አድርጉ። ያንጊዜ የመጀመሪያውን ካርታ ይዛችሁ ሂዱ፤ አዲስ አታትሙ። ዘይት የነካው፣ የጫማ አሻራ ያለበት፣ ሽምብራው የነበረበት ቦታ በእስክሪብቶ የተከበበው ካርታ ሲዘረጋ ሴቶቹ ምልክታቸውን ፈልገው ያገኙታል፤ ከዚያ «ይኼኛው በርቷል፤ ይኼኛው ግን ከሰኔ ጀምሮ ጠፍቶ ነው» እያሉ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ይጀምራሉ።